አንድ ለሃያ

እትዬ ስፖንጅ በሥራ ቦታዋ ሳትሰለች የምትደጋግማት አንዲት ነገር አለቻት፤ «ድንጋይ ችኮላ አይወድም።» ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኞቹ፣ በየጊዜው ለሚቀያየሩት ሥራ አስኪያጆች ይህንኑ ብላለች። ራሷ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቸኩላ ያበላሸችውን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእህቷም ጭምር። እንዲያውም በተለይ ለእህቷ።

እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ከእጇ ስፖንጅ ስለማይለይ ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ስፖንጅ ናት። የምትሠራው ድሮ ፍርድ ቤት በነበረ፣ ዛሬ መዝገብ ቤት በሆነ የድንጋይ ሕንጻ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ለቀራጺ ይመቻል፣ ሲያረጅ ግን እንደ ሕጻን ተንከባካቢ ይፈልጋል። በፊት ለፊቱ በር አናት ላይ ሰባት የሰው ፊቶች ተቀርጸዋል። ዳኞች ናቸው ይባላል፤ ማንነታቸውን የሚያውቅ ግን የለም። ስለዚህ እሷ ራሷ ስም አውጥታላቸዋለች፤ ኩርፊያው፣ እንቅልፋሙ፣ ጥርስ ያመመው፣ አማቼ እያለች። በስተቀኝ ዳር ያለው ሳቂታው ነው። ከሰባቱ እሱ ብቻ አፉን ገርበብ አድርጎ ይስቃል፤ ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ቀና ብላ የምታየው እሱን ነው።

ዝናብ በመጣ ቁጥር እነዚህ ፊቶች ላይ አረንጓዴና ጥቁር ነገር ይበቅላል። ከዚያ ላይ ደግሞ ግራጫው የድንጋይ ሽበት ይለጠፋል፤ ሥሩን ወደ ውስጥ እየሰደደ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያላላዋል። ተወው እንዳይባል ይበላዋል፤ ፋቀው እንዳይባል የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ይነሳል። መላው አንድ ነው። አንድ ኩባያ መድኃኒት በሃያ ኩባያ ውሃ ይበጠበጣል፣ በለስላሳ ብሩሽ ይቀባል፣ ከዚያ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ነው። አምስት ሳምንት። ያ የበቀለው ነገር ይሞታል፣ ቡናማ ይሆናል፣ በራሱ ጊዜ ይረግፋል፤ የቀረውን ስፖንጅ ያነሳዋል። የሥራው ከባዱ ክፍል መቀባቱ ሳይሆን መቀመጡ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ያለፈ ያገደመ ሁሉ «ይቺ ሴትዮ ተጎልታ ትውላለች» ይላል።

ሽማግሌው ጥበቃ ሽበታቸውን እያሻሹ «እስቲ ለእኔም ራስ ትንሽ ቀባ አድርጊልኝ» ይሏታል።

«የእርስዎማ ከነቆዳው ነው የሚነሳው ጋሼ» ትላለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። እንዲህ እየተሳሳቁ ዓመታት አለፉ።

ታዲያ አንድ ሰኞ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራት። እውነቱን እንናገር፣ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ብቻ ችኩል ነው፤ ሻይ እንኳ የሚጠጣው ቆሞ ነው።

«እትዬ፣ በዘጠነኛው ቀን ትልልቅ እንግዶች ይመጡብናል» አላት። «የበሩን አናት አይተውታል አይደል? ሰባቱም ጢም አብቅለዋል።»

«አይቻለሁ። ዛሬ መድኃኒቱን ብቀባው አምስት ሳምንት ይፈልጋል ጌታዬ።»

«አምስት ሳምንት ከየት ላምጣ? ይልቅ ይህን ይዩልኝ» አለና ከአሮጌ ፋይል ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ መዝዞ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

ፎቶግራፉ ላይ የሰሜኑ ግድግዳ ወተት መስሎ ይታያል። ከፊቱ ባልዲ የያዙ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ ትልቋ ቀና ብላ ትስቃለች፣ ትንሿ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ይህቺኛዋ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ግድግዳው በአንድ ቀን ነው እንዲህ የጸዳው ይላል መዝገቡ። ታዲያ ያኔ የተቻለ ዛሬ ለምን አይቻልም?»

«ያ ግድግዳ ዛሬ ምን እንደሆነ አይተውታል? በጣት ሲነኩት እንደ ስኳር ይፈሳል።»

«አንብቤያለሁ» አለ፤ ገጹን ገልጦም አነበበላት፦ «የሥራው ኃላፊ የመድኃኒቱን ልክ በማዛባቷ ግድግዳው ለጉዳት ተዳርጓል።» ከዚያ ፋይሉን ዘጋው። «አዩ፣ ጥፋቱ የልክ ነው እንጂ የአሠራር አይደለም። እርስዎ ደግሞ ልክ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ጠዋት መድኃኒቱን በልኩ ይቀቡልኛል፤ ለማንጣት ትንሽ በረኪና ጣል ይደረግበታል፤ ከዚያ በሽቦ ብሩሽና በላቫጆ ፓምፕ ሙልጭ ማድረግ ነው። ፓምፑን ነገ ከመኪና ማጠቢያ አስመጣለሁ።»

እትዬ ስፖንጅ አፏን ከፈተች። ግን «እሺ ላስብበት» ብላ ወጣች። ምን ይታሰብበታል? ያ በፋይሉ የተጻፈው ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑን የሚያውቅ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሕንጻው ውስጥ መጀመሪያ የተቀጠረችው ታላቅ እህቷ ናት። ልክ የሚባለውን ነገር ከእናቷ ሆድ ይዛው የወጣች ሴት ነበረች፤ ኩባያ በጣት ስፋት ጎድሎ እንደሆነ ከሩቅ አይታ ትናገር ነበር። ታናሿን አምጥታ አስቀጠረቻትና አብረው መሥራት ጀመሩ። የሰሜኑን ግድግዳ አንድ ለሃያ በጥብጠው ቀቡት፤ ሁለቱም ኩባያውን ጮክ ብለው እየቆጠሩ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ እናታቸው የቆየ ሕመሟ በድንገት ጠንቶባት ሐኪም ቤት ገባች። ታላቂቱ ልታስታምም ስትሄድ «ሚጡ፣ ምንም እንዳትነኪ፤ ተይው ይቆይ» ብላ አስጠንቅቃ ነው የሄደችው።

በዚያው ቀን የያኔው አለቃ መጣ። ግድግዳው ገና ቡናማና ጥቁር ነው፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ በማግስቱ ይመጣል። «ይህ ነገር እንዲህ ሆኖ ነገ ከታየ እህትሽንም አንቺንም አላውቃችሁም» ብሎ ሄደ። ምን ይዋጣት? እናት አልጋ ላይ፣ እህት አስታማሚ፣ እንጀራቸው ሊዘጋ። እህቴን ላድን ብላ፣ አዎ፣ እህቴን ላድን ብላ ነው፣ ከጎረቤት ሱቅ ስድስት ጠርሙስ በረኪና ገዛች፤ ከብረት ሠራተኞች የሽቦ ብሩሽ ለመነች። ሲመሽ ግድግዳው ተሞሽሮ ነበር። ተቆጣጣሪው አጨበጨበ። በሦስተኛው ቀን ታላቂቱ ስትመለስ ሁሉም እያመሰገኑ ተቀበሏት፤ ፎቶም ተነሡ።

«ቶሎ ለቀቀ አይደል?» አለች እህቷ ግድግዳውን እያየች።

«ለቀቀ» አለች ታናሿ። አንዲት ቃል ናት እንግዲህ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን አፍስሳ፣ የፈሰሰውን ሌላ ሰው ለቀመላት።

ሁለት ክረምት አለፈ። ግድግዳው ነጭ አቧራ ያወጣ ጀመር፣ ከዚያ ቆዳው ተገፈፈ፣ ከዚያ አሸዋ ሆኖ ይረግፍ ገባ። አጣሪ ተቋቋመ። ታላቂቱ «አንድ ለሃያ ነው ያደረግኩት» ብትል ብትምል ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ከመጨረሻው ስብሰባ በፊት ማታ እቤት ታናሿን አስቀምጣ «አንቺ ውሃ ከመሸከም በቀር የማውቀው የለም በይ» አለቻት። «ሁለታችንም ከተባረርን እማዬን ማን ይጦራታል?» ታናሿም ዓይኗን በጨው አጥባ እንደተባለችው አለች። ታላቂቱ ተባረረች፤ ታናሿ በእሷ ቦታ ተተካች።

ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል እናታቸው አረፈች፣ ታናሿ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፣ ጸጉሯ ነጣ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ማን እንዳለው እንጃ፤ ሆዱ ውስጥ ነገር ይዞ የኖረ ሰው ግን አይደለም።

ያን ሰኞ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ እህቷ ሱቅ ሄደች። ቁልፍ፣ ክር፣ ዚፕ፣ ሪባን የሚሸጥባት አንድ ክንድ የምታህል ሱቅ ናት። እህቷ ለአንዲት ልጅ እግር ደንበኛ ሪባን እየለካች ነበር። ለካችው። መልሳ ለካችው። መቀሱን አነሣችና እንደገና አስቀምጣ ለሦስተኛ ጊዜ ለካችው።

«እማማ፣ ልክ ነው እኮ፣ ይቁረጡት» አለች ልጅቷ ትዕግሥቷ አልቆ።

«ታገሺኝ ልጄ፤ እኔ ልክ ላይ አልታመንም።»

እትዬ ስፖንጅ ይህንን ንግግር ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ድሮ በዓይኗ የምትለካው ሴት ዛሬ ወጥ ውስጥ ጨው የምትጨምረው ሌላ ሰው አስቀምሳ ነው።

ልጅቷ ስትሄድ እህቷ መነጽሯን አወለቀች። አንዱ እጀታ ተሰብሮ በጥቁር ክር ታስሯል። «ምነው ሚጡ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ በረኪናው ነገረቻት። ስለ ፋይሉም ነገረቻት። የቀረውን ግን ምላሷ ላይ አድርሳ ዋጠችው።

እህቷ ትንሽ አሰበች። «እንግዲህ ካዘዙሽ ምን ታደርጊያለሽ? ብቻ ልኩን ሁለቴ ለኪ። ሦስቴ ለኪ። የእኔ ዕጣ እንዳይደርስሽ።» ከዚያ ሪባኑን እየጠቀለለች ዝግ ባለ ድምፅ ቀጠለች። «አንዳንዴ ሳስበው እኮ፣ ያኔ እማዬ አሟት ልቤ ተከፍሎ ነበር። ምናልባት አሥር ኩባያ ላይ ቆሜ ይሆናል። ሰው እንዲያው ሁሉም ተነሥቶ አጥፍተሻል ሲለው፣ አጥፍቼ ቢሆን ነው ይላል።»

«እታለም…» አለች እትዬ ስፖንጅ።

አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ዚፕ ጠየቀ። እህቷ ተነሥታ ዚፑን ስትፈልግ፣ ታናሿ ቦርሳዋን አንሥታ «ነገ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። በመንገዱ ሁሉ ራሷን እየረገመች ነው የሄደችው። ለሥራ አስኪያጁ ጠዋት እነግረዋለሁ፣ ፓምፑ ሳይመጣ እደርሳለሁ፣ ከዚያ ለእታለም እነግራታለሁ እያለች ስትገላበጥ አደረች።

በማግስቱ ከሰዓቷ ቀድማ ነበር የደረሰችው። ግን ከእሷ የቀደመ ነበር። የፓምፑን ጩኸት የሰማችው ገና ከመንገዱ ማዶ ነው።

«ገና ጎሕ ሲቀድ ጀመሩ» አሉ ጥበቃው፤ ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። «ላቫጆው ከሦስት ሰዓት በፊት ማሽኑን ለመኪና ይፈልገዋል ብለው።»

አንድ ጎልማሳ የእንጨት መወጣጫው ላይ ቆሞ በስተቀኝ ዳር ያለውን ፊት ያጥባል። የበረኪናው ሽታ ደጁን ሞልቶታል። እሷ ግን ሰውየውን አልተጣራችም። በቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄደችና ዘጋችው። ጩኸቱ ሲቆም ቀና ብላ አየች። የሳቂታው ጢም ጠፍቷል። ከንፈሩም የለም። አፍ በነበረበት ቦታ ለስላሳ፣ ንጹህ፣ ምንም የሌለበት ድንጋይ ሆኗል። ከደረጃው ሥር ቢጫ አሸዋ ከውሃው ጋር ተጠራቅሟል፤ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዘገነችው። ትናንት ብትናገር ኖሮ ይህ አሸዋ ዛሬም ይስቅ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጩኸቱ ሲቆም ከቢሮው ወጣ። «ምን ሆነ? ለምን ቆመ?»

«እኔ ነኝ ያቆምኩት» አለች። እጇ ውስጥ አሸዋው እንዳለ ነው። «ያ ፋይል ሐሰት ነው ጌታዬ። እህቴ ልክ አላዛባችም። አንድ ለሃያ ነው የበጠበጠችው፤ አጠገቧ ቆሜ አብሬ ቆጥሬያለሁ። ግድግዳውን የበላው እሷ በሌለችበት እኔ ያፈሰስኩት በረኪናና የሽቦ ብሩሹ ነው። በረኪናው ሲሄድ ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨዉ በደረቀ ቁጥር ያብጣል፣ ሲያብጥ የድንጋዩን ቆዳ ከውስጥ ገፍቶ ይጥለዋል። ብሩሹ ደግሞ ቀድሞ አላልቶታል። ልክ ቢለካ ባይለካ ለውጥ የለውም። እነዚህም ስድስቱ እንደዚያው ይሆናሉ።»

ጎልማሳው መወጣጫው ላይ ቁጭ አለ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሳቂታው ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ወደ እጇ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቸኮለ አይመስልም ነበር።

«ትናንት ቢሮዬ ቁጭ ብለው ለምን አልነገሩኝም?» አላት።

«ከትናንት በፊትም ሃያ ሁለት ዓመት ነበረኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁም ቢሮ አስገብቶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። ጻፈችው። ከበረኪናው ጠርሙስ ቁጥር ጀምሮ አንድም ሳታስቀር ጻፈችና ፈረመች። እሱም ማኅተም አደረገበት። ፓምፑ ይመለሳል፣ ስድስቱም ፊቶች እንግዳ ከነጢማቸው ይቀበላሉ አለ። «የእርስዎን ጉዳይ ግን እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም፤ ወደ በላይ ይሄዳል። ምናልባት ከሥራው…» ብሎ ጀምሮ ተወው።

«ገብቶኛል» አለች። «አንድ ቅጂ ይስጡኝ እባክዎ።»

ቅጂውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ እርጥብ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ እህቷ ሱቅ ሄደች። ሱቁ ውስጥ አንዲት ባለ ልብስ ስፌት ሪባን ለመግዛት እየመረጠች ነበር። እህቷ ታናሿን ስታይ ፈገግ አለች፤ «ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ በጠዋቱ?»

እትዬ ስፖንጅ መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ወረቀቱን ብቻ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችላት። እህቷ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች፤ ሁሉንም ነገር ሁለቴ ነው የምታደርገው። ባለ ልብስ ስፌቷ ነገሩ ከብዷት ወደ ቁልፎቹ መደርደሪያ ፈቀቅ አለች።

«አንድ ለሃያ ነበር ያደረግኩት» አለች እህቷ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

«አዎ እታለም።»

«አሥር ላይ አልቆምኩም።»

«ሃያውንም ቆጥረሻል። አብሬሽ ቆጥሬያለሁ።»

ታላቂቱ ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሳ አጠፈችው፤ ጠርዙን በጥፍሯ ዳበሰችው። ቁጣ ቢመጣ ይሻል ነበር። ስድብ ቢመጣ፣ ጥፊ ቢመጣ ታናሿ ተዘጋጅታ ነበር።

«እማዬ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«በመጨረሻው ዓመቷ ሽሮፗን በማንኪያ ስለካላት አትወስድም ነበር» አለች እህቷ። ድምጿ እንደ ወትሮው ነው። «አፏን ትዘጋለች። ማንኪያውን አይታ አይታ፣ አንቺ ተይው፣ ሚጡ ትስጠኝ ትለኝ ነበር። ታስታውሺያለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«አንቺም ማንኪያውን ከእጄ ተቀብለሽ ትሰጫት ነበር።»

እትዬ ስፖንጅ ይቅር በይኝ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ግን ለዚህ የሚበቃ አልመስል አላት። እንባዋ ብቻ ወረደ።

«ሂጂ አሁን» አለች እህቷ። «ደንበኛ አለኝ።»

ወጣች። እግሯ ግን ከበሩ አልርቅ ብሏት መስኮቱ ጋ ቆመች። ባለ ልብስ ስፌቷ ቀዩን ሪባን መርጣ ሁለት ሜትር ተኩል ጠየቀች። እህቷ ሪባኑን በሜትሩ ላይ ዘረጋች፣ ለካች፣ መቀሱን አነሣች።

ባለ ልብስ ስፌቷ የሱቁን አመል ታውቃለችና «አይደገምም?» አለቻት።

«ልክ ነው» አለች እህቷና ቆረጠችው። ጠቅልላም ሰጠቻት። ወደ መስኮቱ ግን ዞር ብላ አላየችም።